ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሶላት ነው?



እናቴ ተወልዳ ባደገችበት የወሎ ገጠር መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር አልነበረም። ከቤታችን እስከ ሐይቅ ገበያ ምን ያህል እንደሚርቅ የጠየቃት ሰው «ሱብሒን ሰግደህ ከተነሣህ ለዙህር ትደርሳለህ» የሚል መልስ ያገኛል። ደሴ ከሆነ ደግሞ «ዙህርና ዐስር መንገድ ላይ ያገኙሃል፤ መግሪብን ከዘመድ ቤት ትሰግዳለህ» ትላለች። ይህ አለካክ የሚናቅ አይደለም። የመንገዱን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ዳገቱንም፣ የእግረኛውንም አቅም፣ መንገደኛው ለውዱእ ውሃ ፈልጎ የሚያርፍበትንም ሰዓት አብሮ ይናገራልና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን አጠገብ በቨርጂንያ ግዛት የምትኖረው ታላቅ እህቴ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት እናታችን ዘንድ ደወለች። «እማ፣ አራስ ቤት ያለ እናት አልገባም» አለቻት። ከተለያዩ ሰባት ዓመት አልፏቸው ነበር። ቪዛው በአላህ ፈቃድ ተገኘ፤ ቲኬቱም ተቆረጠ። ነገር ግን ቀኑ ሲቃረብ እናቴ ዝምታ አበዛች። አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ ጠራችኝና፣

«አንተ መምህር አይደለህ? እህትህ ያለችበት አገር ስንት ሶላት ነው የሚያስኬደው?» አለችኝ።

እኔም እንደ ልማዴ «ወደ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው» አልኳት።

«ይህን ለተማሪዎችህ ንገራቸው። እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው» አለችኝ።

አፈርኩ። በልጅነቴ መድረሳ ውስጥ የሙሳፊርን ሶላት ሕግ ከኪታብ ቀርቻለሁ። በቀለም ትምህርት ቤት ደግሞ የምድርን ክበብ፣ የኬክሮስንና የኬንትሮስን መስመሮች ተምሬአለሁ፤ ዛሬም አስተምራለሁ። ሁለቱን ትምህርቶች በአንድ ቦታ አገናኝቼ የእናቴን ጥያቄ መመለስ ግን አልቻልኩም።

ከጥያቄው በስተጀርባ ሌላ ነገር እንዳለም አውቃለሁ። አባቷ፣ ማለትም አያቴ፣ እናቴ ገና ሕፃን ሳለች ወደ ሐጅ ሄደው ነበር። በእግርና በጭነት መኪና ተፈራርቀው ምጽዋ ወረዱ፤ ከዚያም በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። እንደ ወጡ ከዓመት በላይ ሆናቸው፤ ቤተሰቡ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ አንድ ቀን ከሰዎች ጋር ብቅ አሉ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላን በሁለት ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። እናቴ ግን ባሕር ማዶ የሄደ ሰው መመለሱ በአላህ እጅ ብቻ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምራ ስትሰማ ያደገች ናት። «ሶላቴ መንገድ ላይ ቢያመልጠኝስ? አጅሌ ሰማይ ላይ ቢመጣስ?» የሚል ሐሳብ ያዛት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ማስላት ጀመርኩ። እኔም ከትምህርት ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ለመሄድ ወሰንኩ።

ክር በሉል ላይ

ከትምህርት ቤት የምድርን ሉል ተውሼ ወደ ቤት መጣሁ። የክሩን አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቷ እንድትይዝ አደረግሁና ሌላውን ጫፍ ዋሽንግተን ላይ ወጠርኩት። ክሩ ሲወጠር የሚያልፍበት መስመር በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን ያቋርጣል። ከዚያም ወደ ስፔን ይሻገርና የጥንቷ የእስልምና ትምህርት መዲና ከነበረችው ከቁርጡባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ፖርቱጋልን ጨርሶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ከወጣ በኋላ ከዋሽንግተን ኬክሮስ በላይ ወደ ሰሜን ከፍ ይልና እንደገና ወርዶ ይደርሳል። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። በግድግዳ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብናገናኝ ቀጥታ መስመር እናገኛለን። ክሩ የሚያሳየው መንገድ ግን በካርታው ላይ ጎብጦ ይታያል። ጎባጣው መንገድ የሚረዝም ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ባለው የመርካቶር ካርታ በማስመሪያ የተሰመረውን መንገድ አውሮፕላን ቢከተል 12,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይባክንበታል ማለት ነው። ምክንያቱም ምድር ድቡልቡል ናት፤ ካርታ ደግሞ የብርቱካንን ልጣጭ ጠፍጥፎ እንደ ማንጠፍ ስለሆነ አንዱ ቦታ ሳይለጠጥ ሌላው አይስተካከልም።

ይህ የአብራሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቂብላም ጉዳይ ነው። መካ ከዋሽንግተን በኬክሮስ ወደ ደቡብ ትገኛለች። ስለዚህ ጠፍጣፋውን ካርታ ያየ ሰው እዚያ የሚሰግድ ሙስሊም ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞር ያለበት ይመስለዋል። ክሩን ከዋሽንግተን እስከ መካ ብንወጥረው ግን መነሻው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 56 ዲግሪ ተኩል ያህል። ከአዲስ አበባ ከሆነ መካ ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህን ሒሳብ የኋለኛው ዘመን ሰዎች ብቻ ያገኙት እንዳይመስለን። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 ስለ ከተሞች መገኛና በመካከላቸው ስላለው ርቀት የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈው ጨርሰዋል። ከዋና ዓላማዎቻቸው አንዱ ይኖሩባት ለነበረችው ለገዝና ከተማ ትክክለኛውን ቂብላ ማግኘት ነበር። ከባግዳድ እስከ ገዝና በመካከል ያሉትን ከተሞች ርቀት እየደማመሩ፣ የከዋክብትንና የፀሐይን ከፍታ እየለኩ የኬንትሮሱን ልዩነት አሰሉ። አውሮፕላን ሳይኖር፣ ሳተላይት ሳይኖር፣ ሶላት በትክክል ይሰገድ ዘንድ ምድር ተለካች።

እናቴ ክሩን ትክ ብላ ካየች በኋላ «ታዲያ ይህ ክር ስንት ሶላት ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋን አልረሳችም።

ሲሄዱ፦ ረጅሙ ሌሊት

በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከቦሌ ተነሣን። መግሪብንና ዒሻን ምድር ላይ ሰግደናል። እናቴ የመንገድ ዱዓዋን እያደረገች መቁጠሪያዋን በእጇ ይዛለች።

ወደ ዋሽንግተን ስንሄድ አውሮፕላኑ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን አርፎ ነዳጅ ቀዳ። «ይህ ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎ ለምን በቀጥታ አይሄድም?» የሚሉ መንገደኞች አጋጥመውኛል። ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም የሚያገኙት ኃይል ይቀንሳል። በመሆኑም አውሮፕላኑ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሙሉ፣ ሰውና ጓዙንም ሙሉ አድርጎ መነሣት ይቸግረዋል። በዋሽንግተን በኩል ያለው ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። አየሩ ወፍራም ነውና ሲመለስ ነዳጁን ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ አዲስ አበባ ይገባል።

በደብሊን በኩል መዞሩ መንገዱን ብዙ አያረዝመውም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምሩ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጊዜውን የሚወስደው ነዳጅ መቅጃው ሰዓትና ነፋሱ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ በተለይ በክረምታቸው ወራት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ፊቱን እየገፋ ያዘገየዋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰውን ከጀርባው እየገፋ ያፈጥነዋል።

ዋሽንግተን ስንደርስ በአገሩ አቆጣጠር ከንጋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። የእኔ የእጅ ሰዓት ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይላል። አሥራ ሰባት ሰዓት ተጉዘናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያገኘን ሶላት ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሱብሒ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ዙር፣ ማለትም በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል የ116 ዲግሪ የኬንትሮስ ልዩነት አለ። ይህም የስምንት ሰዓት ያህል ልዩነት ነው። በሰዓት አቆጣጠር በክረምታቸው ስምንት፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ስለሚገፉ ሰባት ይሆናል። ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው ከሌሊቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። የእኛ የ12 ሰዓት ሌሊት በስምንት ሰዓት ተለጥጦ ወደ 20 ሰዓት ተጠጋ። እናቴ ተኝታ ተነሣች፤ ዚክር አደረገች፤ እንደገና ተኛች፤ እንደገና ተነሣች። «ወይ ጉድ! ይህ ሌሊት አይነጋም እንዴ?» አለችኝ።

በመጨረሻ ከካናዳ ጠረፍ አጠገብ ስንደርስ በመስኮቱ ወደ ኋላ በኩል ቀጭን ነጭ መስመር ታየ። ንጋቱ ከፊታችን ሳይሆን ከጀርባችን ነው የመጣው፤ እየተከተለን ቆይቶ ደረሰብን። መካም ያኔ ከኋላችን ስለ ነበረች ከአስተናጋጆቹ ፈቃድ ጠይቀን በመተላለፊያው ጥግ ፊታችንን ወደ አውሮፕላኑ ጅራት አዙረን ሰገድን። በእጅ ሰዓቴ ሱብሒን ብፈልግ ኖሮ ከብዙ ሰዓት በፊት ደብሊን ሳንደርስ፣ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ እሰግድ ነበር። የሶላትን ጊዜ የሚወስነው በእጃችን ያለው ሰዓት ሳይሆን ባለንበት ቦታ የምናየው ሰማይ መሆኑን ያን ዕለት ከመጽሐፍ አልፎ በዓይኔ አየሁት።

በዋሽንግተን

ሕፃኗ በደረስን በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተወለደች። በጆሮዋ አዛን ተባለላት። እናቴ ገንፎውን አገነፋች፤ አጥሚቱን አፈላች። የእህቴ ጎረቤቶችም የእኛው አገር ሰዎች ናቸውና ቤቱ ሰው አላጣም።

አንድ ጁምዓ ቀን በማሳቹሴትስ ጎዳና ወደሚገኘው የዋሽንግተን እስላማዊ ማዕከል ሄድን። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት አይዘንሐወር ተገኝተው ንግግር አድርገውበታል። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ከጎዳናው ጋር ተሰልፈው ሲቆሙ መስጊዱ ከጎዳናው መስመር ዘወር ብሎ ቆሟል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቂብላው። እናቴን «ክሩ ይኸውልሽ!» አልኳት። ቆማ አየችና «አልሐምዱሊላህ! እዚህም ሆነው ያው አንድ ቤት ነው የሚያዩት» አለች። ከዚያች ቀን በኋላ ስለ አገሩ ርቀት ስትጠይቀኝ አልሰማሁም።

ሲመለሱ፦ አምስቱ ሶላት

የተመለስነው በመጋቢት ወር ነው። እህቴ ሕፃኗን ታቅፋ እስከ መግቢያው ድረስ ሸኘችን። እናቴ የልጅቷን ግንባር ስማ፣ ለእህቴም ዱዓ አድርጋ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ገባች።

በአገሩ ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ተነሣን። አዲስ አበባ የገባነው በማግሥቱ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ጉዞው አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ፤ ከመሄጃው በአራት ሰዓት ያነሰ። ሶላቱ ግን ተከታትሎ መጣ። በተነሣን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ዙህር ገባ። አትላንቲክ ላይ ሳለን ዐስር ሆነ። ከዋሽንግተን ከተነሣን አምስት ሰዓት ቢሆነን ነው፤ ፀሐይ ከኋላችን ጠልቃ መግሪብ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ዒሻ። ሱዳን ሰማይ ላይ ስንደርስ ሱብሒ ነጋ። በዚያን ጊዜ መካ በስተግራችን ነበረች። አምስቱም አውቃት ሶላቶች በአሥራ ሦስት ሰዓት ውስጥ አለፉ። ሲሄዱ ሌሊቱን የሚያስረዝመው ሒሳብ ሲመለሱ ቀኑንም ሌሊቱንም ያሳጥራቸዋል። ያን ዕለት ቀናችን ከወጣች ፀሐይ እስከ ጠለቀች ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ የሃይማኖታችን ገርነት ይታያል። እናቴ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ናትና ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ጋር አጣምራ፣ ባለ አራት ረከዓዎቹንም ወደ ሁለት አሳጥራ ሰገደች። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ማሳጠሩ እንጂ በእንዲህ ያለ ጉዞ ማጣመሩ ስለማይፈቀድ እያንዳንዱን በወቅቱ መስገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ረጅም በረራ ያላችሁ ሁሉ ከመነሣታችሁ በፊት የምታምኗቸውን ዓሊም ጠይቁ። ወላጆቻችሁን የምታስጉዙ ልጆች ደግሞ ቲኬት ስትቆርጡ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ የሚነሣበትን ሰዓትና የሚሄድበትን አቅጣጫ ተመልክታችሁ የትኞቹ ሶላቶች አየር ላይ እንደሚገቡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚያስፈራቸው ርቀቱ ላይሆን ይችላል፤ የሚያውቁት መለኪያ መጥፋቱ ሊሆን ይችላልና።

ቤት ከገባን በኋላ ጎረቤቶች እንኳን ደኅና ገባችሁ ለማለት መጡ። ቡና ተፈላ፤ ቄጤማው ተጎዘጎዘ። አንዲት አሮጊት «ለመሆኑ ያ የልጅሽ አገር ምን ያህል ይርቃል?» ብለው ጠየቋት። እኔ ኪሎ ሜትሩን ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ሲሄዱ አንድ ሶላት ነው፤ ሲመለሱ አምስት ሶላት» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። «ያው አንድ መንገድ አይደለም እንዴ? እንዴት መመለሱ ይረዝማል?» አሏት።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ስኒውን አስቀምጣ «ሲሄዱ ወደ ልጅ ነው» አለች።

እኔ በሉልና በክር፣ በነፋስና በኬንትሮስ ሳስረዳ የቆየሁትን ሁሉ የሰማ የለም። አሮጊቷም ራሳቸውን ነቅንቀው «እውነትሽን ነው» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉ።